ፎርሙላውን በሙሉ ሸምድጄ ፈተናው ለምን ጣለኝ?

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአካውንቲንግ ኮርሶች ላይ ደህና ውጤት ነበረኝ። ዘንድሮ ፋይናንሻል ማኔጅመንት ስንጀምር ግን ሁሉም ነገር ተበላሸብኝ። ለሚድ ፈተና ፎርሙላዎቹን አንድም ሳይቀር ሸምድጄ ገባሁ፤ ያገኘሁት ከ30 ዘጠኝ ነው። ጥያቄውን ሳነበው የትኛውን ፎርሙላ እንደምጠቀም አላውቅም። መምህሩ ስላይድ እያሳዩ በፍጥነት ያልፋሉ፣ ምሳሌዎቹ ሁሉ በዶላር ናቸው፣ ቦንድና አክሲዮን ደግሞ እኛ ሰፈር ማን ያውቃል? አባቴ አነስተኛ የሸቀጥ ሱቅ አለው። ለእረፍት ቤት ስሄድ ‹የገንዘብ ትምህርት አይደል የምትማሪው? እስቲ ስለ ሱቁ ምከሪኝ› ሲለኝ የምመልሰው የለኝም። ጓደኞቼ ወደ ማኔጅመንት ቀይሪ ይሉኛል። ፋይናሉ ሳይደርስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ ተማሪ»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። በዚህ ምክንያት ዲፓርትመንት አትቀይሪ። የማኔጅመንት ተማሪዎችም ፋይናንሻል ማኔጅመንት ይወስዳሉ፤ ስለዚህ የሸሸሽው ኮርስ እዚያም ይጠብቅሻል። ከዚያም በላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳይመረቅ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። በእናንተ ዲፓርትመንት የመውጫ ፈተና ውስጥ ደግሞ ፋይናንሻል ማኔጅመንት አለ። አሁን በጥድፊያ C አግኝተሽ ብትገላገዪው እንኳ አራተኛ ዓመት ላይ ተመልሶ ይመጣብሻል። ስለዚህ አሁኑኑ ብንረዳው ይሻላል። ማኔጅመንትን ስለምትወጂው ልትቀይሪ ብትፈልጊ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ደብዳቤሽ ግን እንደዚያ አይልም።

ባንክ ቤት ብድር ክፍል ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ በማታው መርሐ ግብርም ይህንኑ ኮርስ አስተምሬያለሁ። ያንቺን ችግር ከብዙ ጎበዝ ተማሪ ላይ አይቼዋለሁ፤ በተለይ አካውንቲንግ ላይ ጎበዝ ከሆኑት። አካውንቲንግ ላይ ሥርዓቱን ጠንቅቆ የያዘ ሰው ይሳካለታል፤ ዴቢት የቱ፣ ክሬዲት የቱ፣ የት ይመዘገባል። ፋይናንስ ላይ ጥያቄው ፎርሙላውን አይነግርሽም። ሁለት መስመር ታሪክ ይነግርሽና ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ ራስሽ እንድታወጪው ይጠብቃል። ፎርሙላ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ የሸመደድሽው ሁለተኛውን እርምጃ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ መስመር ነው። ማንኛውም ጥያቄ ሲመጣ ካልኩሌተሩን ሳትነኪ በወረቀት ላይ አግድም መስመር አስምሪ። ግራ ጫፉ ላይ ዜሮ ጻፊ፤ ዜሮ ማለት ዛሬ ነው። ከዚያ 1፣ 2፣ 3 እያልሽ በዓመት ከሆነ ዓመቱን፣ በወር ከሆነ ወሩን ምልክት አድርጊ። ኪስሽ የሚገባውን ብር ከመስመሩ በላይ፣ ከኪስሽ የሚወጣውን ከመስመሩ በታች ጻፊ። ይህን የሚያደርግ ተማሪ በጣም ጥቂት ነው፤ ብዙዎች ሰዓት ማባከን ይመስላቸዋል። እኔ ሳርም ግን መስመር ያሰመረ ተማሪ መልሱ ባይመጣለትም እንኳ ምን እያሰበ እንደነበር ስለሚታየኝ ነጥብ የምሰጥበት አላጣም ነበር። ፎርሙላ ብቻ ጽፎ የተሳሳተውን ግን ምን ላድርገው?

በዶላር የተጻፈው ምሳሌ አልገባሽም ካልሽ በምታውቂው ዕቁብ እንየው። ዕቁብ ፕረዘንት ቫልዩን (ወደፊት የሚመጣ ብር ዛሬ የሚያወጣውን ዋጋ)፣ አኑዊቲን (እኩል እኩል እየተደጋገመ የሚሄድ ክፍያን)፣ ዲስካውንት ሬትን (የወደፊቱ ብር ወደ ዛሬ የሚመለስበትን የወለድ መጠን) አንድ ላይ ይዟል፤ መጽሐፉ በሦስት ክፍል ለያይቶ የሚያስተምረውን ማለት ነው። 12 ሰው በወር አምስት አምስት ሺህ ብር የሚጥልበት ዕቁብ አለ እንበል። ዕጣ የደረሰው 60,000 ብር ይወስዳል። የመጀመሪያው ዕጣ ዛሬ ይወጣል፣ የመጨረሻው ከ11 ወር በኋላ። ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም እኩል ይወስዳል። ታዲያ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰው ለምን ፈንጠዝያ ውስጥ ይገባል?

መስመሩን አስምሪ። ዜሮ ላይ የመጀመሪያው ዕጣ 60,000፣ 11 ላይ የመጨረሻው 60,000። የገንዘብ ዋጋ በወር 1 በመቶ ነው እንበል። ከ11 ወር በኋላ የሚመጣውን 60,000 ወደ ዛሬ ለመመለስ 1.01ን ወደ 11 ፓወር አሳድጊና ለውጤቱ አካፍዪው። 1.01 አሥራ አንድ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.1157 ገደማ ይሆናል፤ 60,000 ለዚያ ሲካፈል 53,780 ብር ገደማ ይመጣል። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው በዛሬ ብር የሚቀበለው ይህንኑ ነው። ከመጀመሪያው ጋር ያለው ልዩነት 6,220 ብር አካባቢ ነው።

አሁን የሚጣለውን እይ። አምስት ሺው የሚጣለው ዛሬ፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 11ኛው ወር ነው፤ በድምሩ 12 ጊዜ። የመጀመሪያው ክፍያ ዛሬ ስለሆነ ይህ መጽሐፉ አኑዊቲ ዲው የሚለው ነው። የዛሬውን 5,000 እንዳለ ያዢ፣ የቀሩትን 11 ክፍያዎች ወደ ዛሬ መልሻቸው፤ ድምሩ 56,838 ብር ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰው 56,838 የሚያወጣ ነገር ሰጥቶ 60,000 ወሰደ፤ 3,160 ብር ገደማ አተረፈ። የመጨረሻው ይህንኑ ያህል ሰጥቶ 53,780 የሚያወጣ ነገር ወሰደ፤ ሦስት ሺህ ብር ገደማ ጎደለበት። መካከል ላይ የደረሳቸው አልተጠቀሙም፣ አልተጎዱም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ተበዳሪ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ አበዳሪ፤ ወለዱ አይጻፍም እንጂ አለ።

ዕጣ የሚሸጥ ሰው አይተሽ ታውቂ ይሆናል። አንዱ ልጁን ሊድር ወይም ዕቃ ሊያስገባ ቸኩሏል፣ መጀመሪያ የደረሰው ደግሞ ብሩን ለጊዜው አይፈልገውም፤ ትንሽ ጉርሻ ይቀበልና ተራውን ይለቅለታል። የቸኮለው ሰው ተራ የመጨረሻው ነው እንበል፤ ጉርሻው ስንት ይሁን? ሻጩ ገንዘቡን በወር 1 በመቶ ከሚያስገኝ ነገር ላይ ከማዋል የተሻለ አማራጭ ከሌለው፣ ከ6,220 ብር በላይ ከተከፈለው አይከስርም። የቸኮለው ሰው ግን በወር 2 በመቶ ተበድሮም ቢሆን የሚፈልገው ከሆነ፣ ለእሱ የመጨረሻው ዕጣ የዛሬ ዋጋ 48,256 ብር ብቻ ነው፤ ስለዚህ እስከ 11,744 ብር ቢከፍል አይቆጨውም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የትም ቢስማሙ ሁለቱም ያተርፋሉ። ይህን አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ በእጅሽ ሥሪው። ዲስካውንት ሬት ከሰማይ የወረደ ቁጥር እንዳልሆነ፣ ከሰው ሰው እንደሚለያይና ከአማራጭ እንደሚመነጭ በደንብ ይገባሻል። ስላይድ ላይ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ተብሎ የታለፈው ይኸው ነው።

ዘጠኝ ካመጣሽባቸው ምክንያቶች አንዱ የወቅትና የወለድ አለመጣጣም ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ የኮርሱ ትልቁ ወጥመድ እሱ ነውና። ጥያቄው «12 በመቶ፣ ኮምፓውንድድ መንዝሊ (ወለዱ በየወሩ እየተሰላ ዋናው ላይ የሚደመር)፣ ለሦስት ዓመት» ካለ፣ ወለዱ በወር 1 በመቶ፣ ወቅቱ 36 ነው። 10,000 ብር በዚህ ሲያድግ 14,307.69 ይሆናል። መንዝሊ የምትለዋን ቃል ያለፈ ተማሪ 1.12ን ሦስት ጊዜ ያባዛና 14,049.28 ያገኛል። ከ250 ብር በላይ ልዩነት፤ ምርጫ ጥያቄ ላይ ደግሞ ሁለቱም መልሶች ሀ እና ለ ሆነው ይቀመጣሉ፣ መምህራን የተማሪን ስሕተት ያውቁታልና። ጥያቄውን ስታነቢ ወለዱ የዓመት ነው ወይስ የወር፣ የሚሰላው በስንት ጊዜ ነው፣ ክፍያው በወቅቱ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ የሚሉትን ቃላት ከሥራቸው አስምሪባቸው። «አት ዘ ኤንድ» እና «አት ዘ ቢጊኒንግ» የሚሉት ሁለት ሐረጎች አንድ ሙሉ ጥያቄ ያስጥላሉ። ብዙ ልጆቻችን የሚወድቁት ሒሳቡ ከብዷቸው ሳይሆን እንግሊዝኛውን ሮጠው ስለሚያነቡት ነው። አንዴ ለታሪኩ፣ አንዴ ለቁጥሮቹ፣ አንዴ ለእነዚህ ቃላት፤ ሦስት ጊዜ አንብቢው።

ካልኩሌተርም ላንሳ። ስልክ ፈተና ክፍል አይገባም፤ ስለዚህ ስልክሽ ላይ መለማመድ አቁሚ። የፓወር ቁልፍ ያለው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ከሌለሽ ከሲኒየር ተዋሺ፣ ግን ከፈተናው ቀን ቀደም ብለሽ፤ የሰው ካልኩሌተር ቁልፉ የት እንዳለ ፈተና ላይ መፈለግ አያዋጣም። ቅንፍ መጠቀምን ልመጂ። ከላይ ያለውን 1 ሲደመር 0.12 ሲካፈል ለ12 ብለሽ ያለ ቅንፍ ወደ 36 ፓወር ብትልኪው ካልኩሌተሩ መጀመሪያ 12ን ብቻ ያሳድግና መልሱ 1 ሆኖ ይወጣል። 10,000 ብር ሦስት ዓመት ተቀምጦ 10,000 ሆኖ ከተመለሰ ጣትሽ እንደሳተ እወቂ። መልስ ሲመጣ ሁልጊዜ «ይህ ሊሆን ይችላል?» በዪ። ወደፊት የሄደ ብር መብዛት አለበት፣ ወደ ዛሬ የተመለሰ ብር ማነስ አለበት። ፓወር ቁልፍ ከሌለ ደግሞ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያሉት ሰንጠረዦች አሉ፤ አራቱን ለይተሽ የትኛው ለአንድ ጊዜ ብር፣ የትኛው ለተከታታይ ክፍያ እንደሆነ እወቂ።

ወደ አባትሽ ጥያቄ ልምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ የነካኝ እሱ ነው። የሱቅ ሰው ይህን ትምህርት በተግባር ያውቀዋል፤ አንቺ ልትጨምሪለት የምትችዪው ቁጥሩን ነው። ለምሳሌ አባትሽ ብር ከማስቀመጥ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል ብሎ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን መጋዘን ውስጥ ሲያከማች አይተሽው ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን የወሰነው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ያኔ በ7 በመቶ የተቀመጠ 10,000 ብር ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ 10,700 ይላል፤ የዋጋ ንረቱን 30 ብቻ ብንለው እንኳ የመግዛት አቅሙ ለ1.30 ተካፍሎ 8,231 ብር ገደማ ነው። ዕቃ ያከማቸ ነጋዴ ይህን ኪሳራ እየሸሸ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ሪል ሬት የሚባለው ምዕራፍ አባትሽ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ ይሠራል።

ሌላው ዱቤ ነው፤ እዚህ ላይ በእርግጥ ልትመክሪው ትችያለሽ። ጅምላ አከፋፋዩ አንድ ዕቃ በእጅ በእጅ 100,000 ብር፣ በወር ዱቤ ከሆነ 104,000 ይለዋል እንበል። አባትሽ «አራት ሺህ ብር ናት፣ ምን አላት» ሊል ይችላል። አራት ሺህዋ የአንድ ወር ወለድ ናት፤ በወር 4 በመቶ። በዓመት ስንት ነው ብለሽ ክፍል ውስጥ ብትጠይቂ ግማሹ 48 ይልሻል። በየወሩ ዱቤ እየወሰደ ከቀጠለ ግን 1.04 አሥራ ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ 1.60 ይመጣል። 60 በመቶ! ይህን ያህል ወለድ የሚጠይቅ ባንክ የለም።

ታዲያ ዱቤ አትውሰድ ትዪዋለሽ? ቸኩለሽ እንዲህ እንዳትዪው። ባንክ ለሱቅ ብድር ሲሰጥ ቤት ወይም መኪና መያዣ ይጠይቃል፤ እኔ ራሴ ስጠይቅ የኖርኩት እሱን ነው። መያዣ የሌለው ነጋዴ የባንክን ወለድ ስላወቀው ብቻ አያገኘውም። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ዕቃ በስንት ቀን ይሸጣል፣ ሲሸጥስ ምን ያህል ያተርፋል?» የሚለው ነው። ዕቃው በሁለት ሳምንት አልቆ 6 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ ዱቤው ይጠቅመዋል፤ ብሩን ከመመለሱ በፊት ሁለት ዙር ሊያዞረው ይችላል። ዕቃው ግን ሁለት ወር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፣ በሁለተኛው ወር ለአከፋፋዩ የሚከፍለውን ከሌላ ዕቃ ሽያጭ እያመጣ ሱቁን ያራቁተዋል። ስለዚህ ለእረፍት ስትሄጂ አንድ ደብተር ይዘሽ የአምስት ዓይነት ዕቃ ብቻ መዝግቢ፦ መቼ ገባ፣ በእጅ በእጅ ነው ወይስ በዱቤ፣ መቼ አለቀ፣ በስንት ተሸጠ። ዎርኪንግ ካፒታል (የዕለት ሥራ ማንቀሳቀሻ ገንዘብ) የሚለውን ምዕራፍ ከማንም ቀድመሽ ትረጂዋለሽ። አባትሽም የሚሰማው ምክር ይኖርሻል። ደንበኞች በዱቤ የወሰዱትንም አብረሽ ብትመዘግቢ ደግ ነው፤ ጎረቤትን ዱቤ መከልከል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ስንት ብር ውጭ እንዳለ ማወቅ ማንንም አያስቀይምም።

አካውንቲንግ ላይ ጎበዝ መሆንሽ አንድ ቦታ ላይ እንቅፋት ሊሆንብሽ ይችላል፤ ከሚድ በኋላ በሚመጣው የካፒታል በጀቲንግ ምዕራፍ፤ አንድ ፕሮጀክት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው የሚወሰንበት ማለት ነው። እዚያ የሚቆጠረው የሚገባና የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ነው። ዲፕሪሲዬሽን፣ ማለትም የዕቃው የእርጅና ቅናሽ፣ የማንም ኪስ ውስጥ ስለማይገባ በራሱ ካሽ ፍሎው አይደለም፤ የሚጠቅመው ግብር በመቀነሱ ብቻ ነው። ቀደም ሲል ለጥናት የወጣ ብር ደግሞ ፕሮጀክቱ ቢሠራም ባይሠራም ስለማይመለስ ውሳኔው ውስጥ አይገባም። የአካውንቲንግ ልጆች እነዚህን ሁለቱን መተው ያማቸዋል።

አንድ ምሳሌ ሥሪ። ዳቦ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው ምድጃ በ400,000 ብር ይገዛል፤ ወጪውን ሁሉ ከፍሎ በዓመት 150,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ይተርፈዋል፣ ለአራት ዓመት። ከዚያ ምድጃው አይሸጥም፣ አይጠገንም እንበል። በተራ ድምር 600,000 ገባ፣ 400,000 ወጣ፣ ስለዚህ 200,000 ትርፍ ይመስላል። ገንዘቡን በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ብትመልሺው 428,247 ይሆናል፤ ኔት ፕረዘንት ቫልዩው፣ ማለትም ከዚህ ላይ ምድጃው የወጣበት ሲቀነስ የሚቀረው፣ 28,247 ብር፣ ፕሮጀክቱ ያዋጣል። በ20 በመቶ ብትመልሺው ግን 388,310 ብቻ ነው፤ 11,690 ብር ይከስራል። ምድጃው ያው ነው፣ ዳቦው ያው ነው፣ የተለወጠው የገንዘቡ ዋጋ ብቻ። ብድር ክፍል እያለሁ የፕሮጀክት ጥናት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሰነዱን አስውበው ይመጡና «ገንዘቡን ወደ ዛሬ የመለሱበትን ይህን 12 በመቶ ከየት አመጡት?» ስላቸው ብዙዎቹ የሚመልሱት አልነበራቸውም፤ ጥናቱን የጻፈላቸው ሰው ከሌላ ጥናት ገልብጦት ነበር። አንቺ ወደፊት እዚያ ወንበር ላይ ብትቀመጪ ያንን ጥያቄ የምትጠይቂ ባለሙያ እንድትሆኚ እመኛለሁ። የሰው ቤት ነው ለመያዣ የሚቀርበው።

ቦንድና አክሲዮን እኛ ሰፈር ማን ያውቃል ላልሽው፣ በዚህ በኩል ዕድለኛ ባች ናችሁ። እኛ በተማርንበት ዘመን ይህ ምዕራፍ ለፈተና ብቻ ነበር። አሁን ግን ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የአክሲዮን ዋጋ አተማመን ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ የመጽሐፉን የአሜሪካ ኩባንያ ትተሽ «ለ300 ብር አክሲዮን በዓመት ስንት ብር ትርፍ ድርሻ ቢከፈለኝ ነው የሚያዋጣኝ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። 15 በመቶ የምትፈልጊና የትርፍ ድርሻው በየዓመቱ በ5 በመቶ የሚያድግ ቢሆን፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ 30 ብር መሆን አለበት፤ 15 በመቶ ሲቀነስ 5 በመቶ 0.10 ነው፣ 30 ለ0.10 ሲካፈል ደግሞ 300 ነውና። ያ ረጅም ስም ያለው ፎርሙላ ይኸው ነው።

መንግሥት ለአጭር ጊዜ ለመበደር የሚሸጠው የግምጃ ቤት ሰነድም አለ፤ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን። የሚሸጠው ሰነዱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ተቀንሶ ነው። የ364 ቀኑን 100,000 ብር ሰነድ በ87,000 የገዛ ሰው 13,000 ያተርፋል። ትርፉ 13 በመቶ እንዳትዪ፤ ያወጣው 87,000 ስለሆነ 14.94 በመቶ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ተማሪ ብቻ አይደለም።

አጠናንሽን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ እመክርሻለሁ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ዶርም ውስጥ ከነመልሳቸው እንደሚዞሩ አውቃለሁ። መልሱን እያዩ «አዎ፣ ገብቶኛል» ማለት ጥናት አይደለም። መልሱን ሸፍኚው፣ መስመር አስምሪ፣ ሥሪ፣ ተሳሳቺ፣ ከዚያ ግለጪው። በቀን ሁለት ጥያቄ እንዲህ መሥራት፣ ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሃያ ጥያቄ ከማንበብ ይበልጣል። የጥናት ቡድን ካላችሁ ደግሞ ቁጥር የያዘ ጥያቄ መለዋወጥ ትታችሁ ታሪክ ተለዋወጡ፤ አንዷ ታሪኩን ትናገር፣ ሌላዋ መስመሩን ታስምር፣ ማንም ካልኩሌተር አይንካ። አሥር ታሪክ በዚህ መንገድ ከሠራችሁ የትኛው ፎርሙላ እንደሆነ መስመሩ ራሱ ያሳያችኋል፤ አንድ ነጥብ ብቻ ካለ የአንድ ጊዜ ብር ነው፣ እኩል እኩል እየተደጋገመ ከሄደ አኑዊቲ ነው፣ ተደጋግሞ ማለቂያ ከሌለው ፐርፔቹዊቲ ነው፣ እየተለያየ ከሄደ እያንዳንዱን ለብቻ መልሰሽ ትደምሪዋለሽ። በየዓመቱ በእኩል በመቶ የሚያድገውን፣ ከላይ ያየነውን የትርፍ ድርሻ ዓይነት፣ ስትጨምሪበት የመግቢያው ኮርስ የገንዘብ ፍሰት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ አያልፉም።

በመጨረሻ፣ በዚህ ሳምንት የሚድ ወረቀትሽን ይዘሽ መምህርሽ ቢሮ ግቢ። ስላይድ በፍጥነት ማለፋቸው ያስከፋሽ ይመስለኛል፣ መብትሽም ነው፤ ነገር ግን ሴክሽኑ ውስጥ ስልሳ ተማሪ ይዞ አንድ ሴሚስተር ውስጥ ያን ሁሉ ምዕራፍ መጨረስ ያለበት መምህር ክፍል ውስጥ የማይሰጠውን ጊዜ ቢሮው ሊሰጥሽ ይችላል። «አልገባኝም» ብለሽ ብቻ አትግቢ፤ ለዚያ መልስ መስጠት ለማንም ይከብዳል። ከመግባትሽ በፊት የጣልሻቸውን ጥያቄዎች በሙሉ መስመር አስምረሽ እንደገና ሥሪያቸው። የተስተካከሉልሽን ተያቸው። የቀሩትን ይዘሽ «እስከዚህ ድረስ ሠርቻለሁ፣ ይህ ክፍያ 3ኛው ዓመት ላይ ነው ወይስ 4ኛው ላይ የሚቀመጠው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ፋይናሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ነው፤ በሚዱ የጎደለሽን የምትሸፍኚበት ነጥብ አሁንም በእጅሽ ነው። የዲፓርትመንት መቀየሪያ ቅጹንም ከሞላሽው ቀዳጂው።